ምች ነው ከማለታችሁ በፊት፦ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰውን በቤት ማስታመም

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ሦስት ቤት አልፈው የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው፤ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ የስልካቸውን መብራት መሬት መሬቱን እያበሩ ቆመዋል። «ሲስተር፣ በእግዚአብሔር፣ ልጄን ምች መቷታል። ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት፣ አሸኋትም፤ እምቢ አለ» አሉኝ። ልጅቷን አውቃታለሁ። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ባለቤቱን የሚያጠቃበት በሽታ) ይዟት ለወራት ፕሬድኒሶሎን (መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት) ስትወስድ የቆየች የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ናት። ገብቼ ቴርሞሜትር ብብቷ ሥር ሳደርግ 38.6 አነበበ፤ ደረቷን እያየሁ ትንፋሿን ለአንድ ደቂቃ ብቆጥር 34 ሆነ። እናትየው ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ፓራሲታሞል ሲሰጧት ከርመዋል። ትኩሳቱ በወረደ ቁጥር «ለቀቃት» ይላሉ፤ ሲመለስ ደግሞ ዳማከሴው ይቀጥላል። ምችስ ምች ነበር፤ የሳንባ ምች። ዐሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ወጣች።

ዳማከሴን አልነቅፍም፤ እኔም ጓሮዬ ውስጥ አለኝ። ነገር ግን ጤነኛ ሰው ሦስት ቀን ቢጠብቅ የሚያጣው ሦስት ቀን ነው፤ መከላከያው የደከመ ሰው ግን ሦስት ቀን ላይኖረው ይችላል። በምሥራቁ የከተማ ጫፍ፣ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ አካባቢ በነርስነት ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ከታች የምጽፈው በጤና ጣቢያ ለአስታማሚዎች በቃል የምናገረውን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መንገዱ ገና ባልተነጠፈበት፣ ሆስፒታል ለመድረስ ሁለት ታክሲ በሚያዝበት ሰፈር ሊሠራ የሚችለውን ብቻ መርጫለሁ።

መጀመሪያ፦ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እወቁ

«የመከላከል አቅም ችግር» ሲባል ሁለት ተቃራኒ ነገር ነው። አንደኛው መከላከያው የደከመበት ሰው ነው፦ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ኖሮ መድኃኒት ያልጀመረ ወይም ያቋረጠ፣ የካንሰር መድኃኒት (ኬሞቴራፒ) የሚወስድ፣ ኩላሊት የተተከለለት፣ አንዳንዴም ከትውልዱ ጎዶሎ መከላከያ ይዞ የተወለደ ሕፃን። ሁለተኛው ደግሞ መከላከያው ከልክ በላይ የነቃበት ነው፤ ዘበኛው ሌባውን ትቶ ባለቤቱን ይደበድባል። ሉፐስ እንዲህ ነው፤ የመገጣጠሚያ ሪህ የሚባለውም አንዱ ዓይነት (ሩማቶይድ) እንዲሁ። እነዚህን ለማከም ዘበኛውን የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣል፤ ፕሬድኒሶሎን፣ አዛቲዮፕሪን፣ ሜቶትሬክሴት። ስለዚህ ሁለተኛውም ወገን መድኃኒት ሲጀምር የመጀመሪያውን ወገን ሰው ይሆናል።

ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ፦ «የበሽታዋ ስም ምንድን ነው? መድኃኒቷ መከላከያዋን ያዳክማል? በጣም የሚያሰጋው ጊዜ መቼ ነው?» ለምሳሌ ኬሞቴራፒ በወሰደ ሰው ላይ ነጭ የደም ሕዋሱ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ደረጃ የሚደርሰው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ያቺን ሳምንት በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ አክብቡ። ሠርግም፣ ለቅሶም፣ ገበያም በዚያ ሳምንት ይቅር። የኤች አይ ቪ ታማሚ ከሆነ ሲዲ ፎር ቁጥሩን (በደሙ ያሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ብዛት) እወቁ፤ ከ200 በታች ከሆነ ጥንቃቄው ይጠብቃል፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ ደግሞ አቅሙ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ሁለተኛ፦ አንድ ደብተር፣ አንድ ቴርሞሜትር

ከሁሉ በፊት የሚገዛው ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው። በእጅ ጀርባ ግንባር ዳብሶ «ትኩሳት አላት፣ የላትም» ማለት እዚህ ቤት ውስጥ ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም። ቡና ሲቆላ ከእሳቱ አጠገብ የተቀመጠ እጅ ሁሉንም ግንባር ቀዝቃዛ ያደርገዋል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ብብቷን በጨርቅ አድርቁ፤ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ብብቷ መሐል አድርጋችሁ ክንዷን ወደ ደረቷ አጣብቁት፤ ድምፅ እስኪያሰማ አትንቀሉት። ትኩስ ሻይ ከተጠጣ ወይም ገላ ከታጠበች በኋላ ወዲያው አትለኩ፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በብብት የሚለካው በአፍ ከሚለካው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ በአፍ 38፣ በብብት 37.5 ካያችሁ ጉዳዩ «እስኪ እንየው» የሚባል አይደለም፤ በዚያው ሌሊት ቢሆንም ወደ ሕክምና ትሄዳላችሁ። ከመለካታችሁ በፊት ፓራሲታሞል አትስጡ። ፓራሲታሞል የሙቀቱን ቁጥር ያወርዳል እንጂ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ለእናንተ የተላከውን መልእክተኛ መንገድ ላይ እንደማስቀረት ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ብርቱ ኢንፌክሽን ይዞትም ትኩሳቱ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ 36.8 ቢሆንም፣ ሰውየው ከወትሮው ከተለየ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ግራ ከተጋባ፣ ምግብ ድንገት ከጠላ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከ25 በላይ ከሆነ ደብተሩን ዘግታችሁ ጫማችሁን አድርጉ።

ደብተሩ ላይ በየቀኑ አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ቀን፣ ሙቀት (ጠዋትና ማታ)፣ የተወሰደው መድኃኒት፣ «ዛሬ ምን አዲስ ነገር አየሁ»። ክብደት በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲባል «ቆይቷል» ከማለት «ከጥቅምት 14 ማታ ጀምሮ» ማለት የምርመራውን ግማሽ መንገድ ያሳጥራል። እነዚያ ጎረቤቴ ዛሬ ደብተር አላቸው፤ የልጃቸው የድሮ የሒሳብ ደብተር ነው፣ በስተኋላው በኩል የሙቀት ቁጥር ተደርድሮበታል።

ሦስተኛ፦ እጅና ውሃ

እጅ መታጠብን ሁሉም ያውቀዋል፤ አሠራሩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ነው የሚፈጀው፤ አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብሎ አንድ ጊዜ መድገም ያህል። የጣት መሐል፣ አውራ ጣት፣ የጥፍር ሥር። አስታማሚው ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ፣ የሕፃን ዳይፐር ከቀየረ በኋላ፣ ጥሬ ሥጋ ከነካ በኋላ፣ መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት፣ ከውጭ ሲገባ። ከውጭ ሲገባ የምትለዋን አስምሩባት። የሚኒባስ ታክሲ በር መያዣ፣ የተቀበላችሁት የብር ኖት፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ብረት፤ ሁሉም ቤታችሁ የሚገባው በእናንተ እጅ ነው።

ውሃ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር የሚፈስ ውሃ ከየት ይገኛል? ባለቧንቧ ባልዲ ግዙና በር አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጡት፤ ከሥሩ ሳፋ። እጅን ሳፋ ውስጥ ነክሮ መታጠብ ግን መታጠብ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ሰው ቆሻሻ ለአራተኛው ማካፈል ነው።

የመጠጥ ውሃ ለታማሚው ይፈላ። እዚህ ላይ የከፍታ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሱሉልታና እንጦጦ አካባቢ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ውሃው እየተገላበጠ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ በተፈላበት ዕቃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ወይም ጋዝ ሲያልቅ የክሎሪን ማከሚያ በቤት ይኑር፤ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ፣ ከጎረቤት አትጠይቁ። የተቀመጠ ውሃ በኩባያ እየተጠለቀ አይወሰድ፤ ጠባብ አፍ ባለው ጀሪካን ይሁንና ይንቆርቆር። ሮቶውንም በየጊዜው እጠቡት፤ ሥሩ ላይ የሚቀመጠውን ደለል አንድ ጊዜ ያየ ሰው ዳግመኛ አይረሳውም።

ደም ወይም ትውከት ከፈሰሰ ጓንት አድርጋችሁ በበረኪና አጽዱ። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ፤ ዐሥር ደቂቃ ይቆይና ይወልወል። በዕለቱ የተበጠበጠው ለነገ አይደርም። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር ወይም ከሎሚና ከኮምጣጤ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

አራተኛ፦ ጠያቂን መመለስ

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ሥራ ነው፤ መርፌ ከመውጋት ይከብዳል። በእኛ አገር የታመመ ሰው ካልተጠየቀ ሰው የሌለው ይመስላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዕድርተኛው ተሰብስቦ ይመጣል፤ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ጉንጭ ይሳማል፤ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ዐሥራ ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ ከሰል ይቀጣጠላል፣ እጣን ይጨሳል፣ መስኮት «ብርድ እንዳይመታት» ይዘጋል። ሁሉም የመጣው በፍቅር ነው። አንዱ ግን ጉንፋን ይዞታል፤ ሌላዋ ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት ያሳለ ወንድም አላት።

ስለዚህ መጀመሪያ በርን በእንዲህ ዓይነት ሥርዓት ያዙ። የእጅ መታጠቢያው በር ላይ መሆኑ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል፤ ማንም ሳይናገር ሰው ይታጠባል። ወንበሩን በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር አውጡ። ታማሚዋ መቀመጥ የምትችል ከሆነ እሷም ትውጣ፤ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ከተዘጋ ክፍል በብዙ ይሻላል። በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰው፣ ሩብ ሰዓት። መሳሳም ይቅርና እጅ በደረት ላይ አድርጎ ማጎንበስ ይተካው፤ አያቶቻችንም ለታላቅ ሰው እንዲህ ይሰግዱ ነበር፣ ከአክብሮት አይጎድልም። ጉንፋን፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የዓይን መቅላት፣ ኩፍኝ ወይም አልማዝ ባለጭራ ያለበት ሰው ስልክ ደውሎ «እግዜር ይማርሽ» ይበል።

«ሰው ምን ይለኛል?» ትላላችሁ። በእኔ አሳብቡ። ለሁሉም አስታማሚ የምሰጠው ፈቃድ ነው፦ «ሲስተር ከልክላናለች፣ ብትሰማ ትቆጣናለች» በሏቸው። የሰፈሩ ክፉ ሴት መሆን ደመወዜ ውስጥ የተካተተ ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንድ አዛውንት በዚህ ተቀይመውኝ ስድስት ወር ሰላምታ ነፍገውኛል፤ ኋላ ራሳቸው የስኳር ቁስል ይዘው ሲመጡ ታርቀናል።

ከቤተሰቡ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ካለ ግን ጉዳዩ የጠያቂ አይደለም። ጤና ጣቢያ ሄዶ ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር፤ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ውጤቱ እስኪታወቅ በሌላ ክፍል ይተኛ፤ ሌላ ክፍል ከሌለ መስኮቱ ክፍት ይሁን፣ እሱም አፉንና አፍንጫውን በማስክ ይሸፍን። ታክሲ ውስጥም እንዲሁ፦ ታማሚዋ ማስክ አድርጋ መስኮት ዳር ትቀመጥ፣ መስኮቱን ትክፈተው። አጠገቧ ያለው ሰው ማጉረምረሙ የማይቀር ነው፤ ይተውት።

አምስተኛ፦ ማዕዱ

ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ዱለት፤ እነዚህ በሙሉ ይቀራሉ። ክትፎው ከተወደደ በደንብ ይብሰል፤ መሐሉ ቀይ ሆኖ መቅረት የለበትም። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትልን ብቻ ሳይሆን ቶክሶፕላዝማን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ጥገኛ መከላከያው በደከመ ሰው አእምሮ ውስጥ እብጠት ያስነሳል። እንቁላል አስኳሉ እስኪጠነክር ይቀቀል።

ከሱሉልታ ወይም ከሰንዳፋ በኩል በቢጫ ጀሪካን የሚመጣው የላም ወተት ጣፋጭ ነው፤ ጥሬውን መጠጣት ግን ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ገንፍሎ ይፍላ። ከጥሬ ወተት የረጋ እርጎም ከወተቱ አይለይም። እርጎ ካስፈለገ አፍልታችሁ አቀዝቅዙና አርጉት።

ሰላጣና ጥሬ ቲማቲም ለጊዜው ይረሱ። ከከተማዋ ደቡብ የአቃቂ ወንዝን እየተከተለ የሚለማው አትክልት ምን ዓይነት ውሃ እንደሚጠጣ እያየን ነው ያደግነው። ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ካሮቱ ተቀቅሎ ይበላል፤ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ ከውጭ ታጥቦ ይላጥ፣ የላጠውም እጅ የታጠበ ይሁን። የጭማቂ ቤት ጭማቂ አይሆንም፤ የመፍጫውን ማጠቢያ ውሃ አላያችሁትም። የሻገተ እንጀራ ዳር ዳሩን ቆርጦ መሐሉን መብላት የክረምት ልማዳችን ነው፤ ለዚህች ሴት ሙሉው ይጣል። የምሳ ሽሮ ለራት ከቀረበ ዳር እስከ ዳር እስኪንተከተክ ይፍላ።

ከትሪው ጋር የሚመጣ ሌላ ነገር አለ፤ ጉርሻ። የምትወዳት አክስት በእጇ የጠቀለለችውን እምቢ ማለት ከባድ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመጀመሪያው የታማሚዋ ምግብ በራሷ ሰሐን፣ በራሷ ማንኪያ ይቅረብ። ሰሐን የተለየለት ሰው አይጎረስም። ግን ብቻዋን በጓዳ አትመገብ፤ ሰሐኗን ይዛ ከሁሉም ጋር ትቀመጥ። የምግብ ፍላጎቷ የሚመለሰው ከሰው ጋር ስትበላ ነው።

ፕሬድኒሶሎን የደም ግፊትና ስኳር ስለሚያነሣ ጨውና ጣፋጭ ይቀነሱ። ጠላና ጠጅ፣ ሜቶትሬክሴት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ማንኛውም አልኮል፣ ጉበት ላይ ስለሚደርብ ይቅር። ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባትን ወይም ሼሁን አማክሩ፤ በሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። ጸበልም እንዲሁ ነው። መሄድ ትችላለች፤ መድኃኒቷን ቤት ጥላ ግን አትሄድም፣ የሚጠጣውም ንጹሕ ይሁን።

ስድስተኛ፦ መድኃኒት

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ብትይዙ ይበቃኛል።

አንደኛው ፕሬድኒሶሎን ነው። ጠዋት፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ ይወሰዳል፤ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሣል። ፊት ስለሚያብጥ፣ ክብደት ስለሚጨምር ወጣት ሴቶች ደብቀው ያቆሙታል፤ ይገባኛል፣ በመስታወት ውስጥ የማታውቁትን ፊት ማየት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከሦስት ሳምንት በላይ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቆም ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ረስቶት ስለሚገኝ ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ይዝላል፣ ያስታውካል፣ ሊሞትም ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ካስታወከችና ኪኒኑን መያዝ ካልቻለች በዚያው ቀን ሕክምና ይሂዱ። ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግዙ፤ «ዛሬ የለም፣ ነገ ተመለሱ» የሚል ፋርማሲ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ሜቶትሬክሴት ነው። ለመገጣጠሚያ በሽታ ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ አይደለም። ይህን የምጮኸው በከንቱ አይደለም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት አፋቸው ውስጡ ተልጦ፣ ምራቅ መዋጥ አቅቷቸው መጡ። የመድኃኒቱን ፓኮ ብጠይቅ ከቦርሳቸው አወጡት፤ ከመድኃኒት ቤት በእስክሪብቶ የተጻፈበት «በቀን አንድ ጊዜ» ይላል። ስምንት ቀን በተከታታይ ወስደውታል። የነጭ ደም ሕዋሳቸው ወርዶ ነበር፤ በፍጥነት ስለተላኩ ተረፉ። ስለዚህ ቀኑን ምረጡ፣ ለምሳሌ ዘወትር ረቡዕ፤ በፓኮውም በግድግዳውም ላይ «ረቡዕ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ። ፎሊክ አሲድ የታዘዘላት ከሆነ በሌላ ቀን ትውሰደው። የአፍ ቁስል፣ ደረቅ ሳል፣ የድድ መድማት ከታየ መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሐኪም አማክሩ። የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ከሆነች ይህ መድኃኒት ጽንስ ስለሚጎዳ የእርግዝና መከላከያ ነገር መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት በግልጽ ይነገር፤ እፍረት እዚህ ቦታ የለውም።

ለሳል ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ኮትሪሞክሳዞል ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ የደም ሕዋስ ምርትን ክፉኛ ያወርዳል። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊትን ይጫናሉ። ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ወረቀት ዘርዝራችሁ፣ ማንኛውንም አዲስ ኪኒን ከመግዛታችሁ በፊት ለፋርማሲስቱ አሳዩ። ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድና ሌላው የቤት መድኃኒት ሲጨመርም ለሐኪሙ ይነገር፤ አይቆጣም፤ ከተቆጣም ይቆጣ።

ለሉፐስ የሚታዘዘውን ሃይድሮክሲክሎሮኪን የጀመረች ሴት፣ መድኃኒቱ ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ዓይኗን በመጀመሪያው ዓመት ታሳይ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ።

ክትባትን በተመለከተ፦ መከላከያው በጣም የደከመ ሰው እንደ ኩፍኝ፣ ቢጫ ወባና ቢሲጂ ያሉ በሕይወት ባለ ተሕዋሲ የተሠሩ ክትባቶችን አይወስድም። ቤት ውስጥ ላሉ ልጆች ግን ክትባታቸው አይቅር። የፖሊዮ ጠብታ የወሰደ ሕፃን ካለ ተሕዋሲው ለሳምንታት በሰገራው ስለሚወጣ ዳይፐሩን ታማሚዋ አትቀይር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ስትመጣ ይህን ንገሯት።

ሰባተኛ፦ አፍ፣ ቆዳ፣ እግር

በየጠዋቱ ገላዋን ስታጥቡ ሰውነቷን እዩ፤ ብብት፣ ከጡት ሥር፣ ብሽሽት፣ የጣት መሐል። በአንድ ጎን ብቻ ተሰልፎ የሚወጣ፣ የሚያቃጥልና ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ መድኃኒቱ የሚጠቅመው በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው፣ ዓይን አጠገብ ከወጣ ደግሞ በዚያው ሰዓት። ምላስ ላይ ነጭ ሽፋን፣ ስትውጥ ሕመም፤ ይህ ፈንገስ ነው፣ በማር አይለቅም።

መፋቂያ ለጤናማ ድድ ጥሩ ነው፤ ደም ለሚቀናው ድድ ግን ይወጋል። ለስላሳ ብሩሽ ይሁን፤ ብሩሹም ካመማት በአንድ ብርጭቆ በፈላ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይጉመጥመጥ። ጥፍር አጭር ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ ሥጋውን የሚበጣ መቁረጫ ይጣል።

ባዶ እግር መሄድ የለም፤ ጓሮም ሆነ መጸዳጃ ቤት። ሙጀሌ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትል ከአፈር በእግር ቆዳ ገብቶ አንጀት ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል፤ ከፍተኛ ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር ግን ይባዛና ወደ ሳንባና ወደ ደም ይሰራጫል። ገጠር ያደገ፣ በባዶ እግር ያረሰ ሰው ፕሬድኒሶሎን ሊጀምር ከሆነ ይህን ትል ሐኪሙን አስታውሱት፤ አንድ የሰገራ ምርመራ ሊያጣው ስለሚችል አንዳንዴ ሳይታይም ይታከማል።

ሉፐስ ላለባት ፀሐይ ራሷ በሽታ ትቀሰቅሳለች። በዚህ ከፍታ ፀሐያችን ብርቱ ናት። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ልብስ፤ የፀሐይ ክሬም ውድ ስለሆነ ጥቅጥቅ ያለ ሻሽና ነጠላ ደርባችሁ ተጠቀሙ። ደመናም ቢሆን ጨረሩ ያልፋል።

ስለ ቤቱ፣ በአጭሩ

መኝታዋ የሚገባ አየርና ብርሃን ያለው ክፍል ይሁን፤ ማገዶና ከሰል ከክፍሏ ይውጣ። አዲስ የሚገነባ ግቢ አጠገብ ከሆነ አቧራው በውኃ ተረጭቶ ይጠረግ፤ ደረቅ መጥረጊያ የሻጋታ ዘር ያነሣል። የዶሮ ቤትና በረት ማጽዳት፣ ኩበት መጠፍጠፍ፣ የድመት ሰገራ ማንሣት፤ ይህ የሌላ ሰው ሥራ ነው። ወደ አዋሽ ወይም ወደ መተሐራ ዘመድ ጥየቃ የሚኬድ ከሆነ ወባ አለና አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ መኖር ለወባ አላለመዳትም።

የበር ሥር ቦርሳ

ቀን በሰላሙ ጊዜ አዘጋጁት፦ የሕክምና ካርድና የመጨረሻው ላቦራቶሪ ውጤት፣ ሪፈር ወረቀት፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተር፣ የመድኃኒቱ ዝርዝር ከነፓኮው፣ ሙቀት የሚጻፍበት ደብተር፣ ማስክ፣ የፈላ ውሃ በጠርሙስ፣ ጋቢ፣ የስልክ ባትሪ መሙያ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገራችሁ ይህ ይሁን፦ «መከላከያዋን የሚያዳክም መድኃኒት ትወስዳለች፣ ትኩሳት አላት።» ወረፋ ላይ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ይህን የሰማ ነርስ ወደፊት ያሳልፋችኋል፤ ካላሳለፈ ደግማችሁ ንገሩት። ከሚያስሉ ሰዎች ራቅ ያለ ቦታም ጠይቁ።

ሌሊት የሚነሣ መኪና ያለው ማን ነው? ይህን ዛሬ ጠይቁት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ሆኖም በእኛ መንገድ፣ በክረምት ጭቃ፣ ሁለት ቀጠና አልፎ ያለ የባለ ላዳ ጎረቤት ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። የእነዚያ ጎረቤቴ ግድግዳ ላይ አሁን ሦስት ስልክ ቁጥር በወረቀት ተለጥፏል፤ የመጀመሪያው የላዳው ሰውዬ፣ ሁለተኛው የእኔ፣ ሦስተኛው 907። ባለፈው ሐምሌ ልጅቷ 37.7 በብብት ስትሆን በደብተሩ ጽፈው፣ ፓራሲታሞል ሳይሰጡ፣ መጀመሪያ የላዳውን ሰውዬ ነው የደወሉት፤ እኔ የሰማሁት በማግሥቱ ነው።